ከዳይክሎፌናኩ ጋር ሌላ ምን እየወሰዱ ነው?

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

«ዳይክሎ አለ? አንድ ስትሪፕ ስጠኝ።» በደሴ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ በኮምቦልቻም ከመናኸሪያው እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ባሉ መድኃኒት ቤቶች ይህ ጥያቄ የማይሰማበት ቀን የለም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ብቻ ነው። ገዢው ከፍሎ፣ ስትሪፑን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። እኛ በሁለቱ ከተሞች በመድኃኒት ዕደላ ሥራ ላይ ያለን ፋርማሲስቶች ይህን የምንጽፈው ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ እንዲቀድም ነው፦ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ዳይክሎፌናክ የተባለው ይህ የሕመም ማስታገሻ ብዙውን ጊዜ ሰው ላይ የሚበረታው ብቻውን ሆኖ አይደለም፤ ከደም ግፊት መድኃኒት፣ ከሌላ ማስታገሻ፣ ከዴክሳሜታዞን (ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ)፣ ከባዶ ሆድ ወይም ከውኃ ጥም ጋር ሲገጥም ነው።

መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት መሆኑን አስቀድመን እንናገር። የኩላሊት ጠጠር ይዞት መሬት ለመሬት ለሚንፈራገጥ ሰው 75 ሚሊግራም የዳይክሎፌናክ መርፌ በመጀመሪያ ደረጃ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ለሪህ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ለወለምታ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ሕመም ይረዳል። ለወር አበባ ሕመምም አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ሕመሙ ገና ሲጀምር ከምግብ ጋር ተወስዶ በየ8 ሰዓቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ቢቀጥል፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ከሚወሰደው ይልቅ ይሠራል። ጥርስ ሲያም አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ ሲወሰዱ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሰጡት የተሻለ እፎይታ ይሰጣሉ። የበሰበሰው ጥርስ ግን በዚህ አይድንም፤ ሕመሙ ጠፋ ብሎ መቅረት መግሉ እንዲሰፋ ጊዜ መስጠት ነው።

ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሥራቸው አንድ ነው። ሰውነት በተጎዳበት ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል፤ ሕመሙን፣ እብጠቱንና ትኩሳቱን የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ሜሎክሲካም፣ አስፕሪንም ጭምር ይህን ምርት ይዘጋሉ። እንግሊዛዊው ጆን ቬን ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ችግሩ ያው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅ፣ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚይዝ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ የታመመውን ጉልበት ከጨጓራና ከኩላሊት ለይቶ አያውቅም።

ኩላሊቱን ዘርዘር አድርገን እንየው፤ ከባዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ደም ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባው በአንድ ቀጭን ደም ሥር ነው፤ የሚወጣውም በሌላ ነው። ዳይክሎፌናክ መግቢያውን ያጠበዋል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል ደግሞ መውጫውን ያሰፋዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ ሽንት በማብዛት በደም ሥር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳሉ። ኢናላፕሪልና የሽንት መድኃኒቱ አብረው የሚታዘዙት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ሐኪሙም ይከታተላቸዋል። ሦስተኛው ዳይክሎፌናክ ከመስኮት ተገዝቶ ሲጨመር ግን መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ የሚገባውም ደም አንሶ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ማጣራቱም ይዳከማል። አደጋው ከፍ የሚለው አንድ ላይ መወሰድ በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ወይም የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ታማሚው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እግር ማበጥና የሽንት ማነስ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ቀድሞ የሚናገረው የደም ምርመራ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የክሪያቲኒን መጠን ነው።

በደቡብ እስያ የሆነው ነገር እዚህ ቢነሳ ያለ ቦታው አይሆንም። በዳይክሎፌናክ የታከሙ ከብቶችን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው ወድሞ በብዛት አለቁ፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ አገዱ። የሰው ኩላሊት ከአሞራው ይልቅ ይችለዋል። ቢሆንም ለሰው የተሠራውን መርፌ ለታመመ በሬ የሚገዛ አርሶ አደር ወደ እንስሳት ሐኪም ቢላክ ለወሎ ሰማይም ይጠቅማል።

ሌላው መዘዝ ደግሞ በግፊቱ ራሱ ላይ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ስለሚያደርጉ የደም ግፊትን በአማካይ እስከ 5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከፍ ሊያደርጉ፣ የኢናላፕሪልንም ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ፤ በቀጠሯቸው ቀን ግፊታቸው ጨምሮ ይገኛል፤ ስለ ማስታገሻው የሚጠይቅ ስለሌለ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ የግፊት መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ማስታገሻውን ማቆም ብቻ ይበቃ የነበረበት ጊዜ አለ። ለክትትል ሲሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱን ብቻ ሳይሆን የጉልበቱንም የራስ ምታቱንም፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድግግሞሹ። ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገራት ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሲመለሱም መድኃኒት ያመጣሉ፣ በሰውም ይልካሉ። ቮልታሬን ዳይክሎፌናክ ነው። ካታፍላምም ዳይክሎፌናክ ነው። ብሩፌንና አድቪል አይቡፕሮፌን ናቸው። አሌቭ ናፕሮክሲን ነው። ፓናዶል ግን ፓራሲታሞል ነው፤ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ቀለማቸውና ሣጥናቸው ስለሚለያይ ጠዋት የተላከውን ቮልታሬን፣ ቀን እዚሁ የተገዛውን ዳይክሎፌናክ፣ ማታ ብሩፌን የሚወስድ ሰው ሦስት የተለያየ ነገር የወሰደ ይመስለዋል። የአንዱ ቤተሰብ ሁለት መድኃኒት ተደርቦ ሲወሰድ ማስታገሱ እምብዛም አይጨምርም፤ መድማቱና የኩላሊቱ አደጋ ግን ይጨምራል። ለአዋቂ ሰው የዳይክሎፌናክ የቀን ጣሪያ በሁሉም መልኩ ተደምሮ 150 ሚሊግራም ነው፤ ማለትም ባለ 50ው ሦስት ፍሬ፣ ወይም ባለ 100ው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው አንድ ፍሬና አንድ ባለ 50። ብዙ ሰው ግን ባለ 50ው በቀን ሁለቴ ይበቃዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይቡፕሮፌን በቀን ከ1200 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።

እዚህ ላይ በራሳችን ሙያ ውስጥ ያለ አንድ ልማድ መስተካከል አለበት። ስትሪፑ በመቀስ ተቆርጦ አራት ፍሬ ሲሰጥ የመድኃኒቱ ስም፣ ባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ጫፍ መደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ ሰውየው ይዞት የሚሄደው ስም የሌለው ብልጭልጭ ወረቀት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጨጓራው ደምቶ ሆስፒታል ቢገባ ምን እንደወሰደ ማንም ማንበብ አይችልም። ተቆርጦ የሚሰጥ ከሆነ በፖስታ ይሁን፤ ፖስታውም ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬው በሚሊግራም፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወሰድና የመጨረሻው ቀን ይጻፍ። የመጨረሻው ቀን በተለይ። «ሲያምህ ውሰድ» የሚል ትእዛዝ ማብቂያ የለውም። ለወለምታና ለወገብ ሕመም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ተወስዶ ካልተሻለ መጠየቅ ያለበት ምክንያቱ ነው፤ ሌላ ስትሪፕ መጨመር መልስ አይደለም። ራስ ምታት ያለበት ሰው ደግሞ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ ከሦስት ወር በላይ ከወሰደ ራስ ምታቱን የሚያመላልሰው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር አቀርቅረው የሚሰፉ የፋብሪካ ሠራተኞች ይህን ቢያውቁት እንወዳለን።

ጨጓራን በተመለከተ በሰፊው የሚታመን ስሕተት አለ፦ «መርፌው ጨጓራ አይነካም»። ጉዳቱ የሚመጣው ፍሬው ጨጓራ ላይ በማረፉ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ በደም ዞሮ የጨጓራውን መከላከያ ስለሚዘጋ በቂጥ ቢወጉት፣ በፊንጢጣም ቢያስገቡት ያደማል። ሽፋን ያለው ፍሬም ያው ነው፤ ሽፋኑ አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ ያደርገዋል እንጂ ቁስለትን አያስቀርም። ስለዚህ አይቆረጥ፣ አይፈጭ፤ ይህ ከቁስለት ነፃ ያደርጋል ማለት ግን አይደለም። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ፣ ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት የነበረበት፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ፓራሲታሞል ይቅደምለት፤ ዳይክሎፌናክ ግድ ከሆነም ሐኪም ያዘዘው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አብሮ ይወሰድ። ኦሜፕራዞሉ የሚጠብቀው ጨጓራውን ነው፤ ኩላሊትንና ልብን አይጠብቅም። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ግን ባይነካው ይሻላል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰውም ለረጅም ጊዜ ማስታገሻ ከመጀመሩ በፊት እሱ ይታከም።

ለቁርጥማት ተብሎ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን አንድ ላይ መስጠት እጅግ የሚያሳስበን ነገር ነው። ሕመሙ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ሰውም «ያ መድኃኒት ፍቱን ነው» ብሎ ጎረቤቱን ይልካል። ሁለቱ በአንድነት ግን የጨጓራና የአንጀት መድማትን እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚያደርሱት በብዙ ይጨምራሉ። ዴክሳሜታዞን በላዩ ስኳርና ግፊትን ይጨምራል፤ ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ቢቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስላቋረጠ ሰውየው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል።

ጾምንም እንጨምር፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለቱም እምነቶች በብርቱ የሚጾሙባቸው ከተሞች ናቸው። በረመዳን ባለ 50 ሚሊግራሙ አንዱ ከኢፍጣር ምግብ በኋላ፣ አንዱ ከሱሁር ምግብ በኋላ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰድ። በተምር ብቻ ካፈጠሩ ወዲያው መዋጥ በባዶ ሆድ እንደመዋጥ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ክርስቲያንም ያው ነው፤ ከማዕዱ በኋላ ይሁን። ኩላሊቱ የደከመ ወይም የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ይህን መድኃኒት መውሰድ የለበትም። ፓራሲታሞል ይበቃዋል፦ ባለ 500ው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በሁለት አወሳሰድ መካከል ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆይቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ጉበቱ የተጎዳ፣ አረቄ የሚያበዛ ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዚህም ያነሰ ይውሰድ።

መርፌው የራሱ ሕግ አለው። አንዱ አምፑል 75 ሚሊግራም በ3 ሚሊሊትር ነው። የሚወጋው ቂጥ ላይ፣ በላይኛውና በውጭኛው ሩብ፣ ወደ ጡንቻው ጠልቆ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ታች ካዘነበለ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊመታ ይችላል፤ እግር የሚጎትት ሰው የሚያደርገው ይህ ነው። መርፌው አጭር ሆኖ ስብ ውስጥ ከቀረ ሥጋው ይቆስላል፣ መግል ይይዛል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያው ከባድ ሕመም ይመጣል፤ ቆዳውም ገርጥቶ በሰማያዊና በሐምራዊ ይዥጎረጎራል፤ ያ ሥጋ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመግፋት በፊት ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን ማየት፣ ታማሚው ከልክ ያለፈ ሕመም ሲሰማው ማቆም ግዴታ ነው። ከቢ ኮምፕሌክስ ወይም ከዴክሳሜታዞን ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም። ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው፤ በቀን ሁለት ከሆነ በተለያየ ጎን። በመርፌ 75 የተወጋ ሰው በዚያው ቀን በፍሬ ሊወስድ የሚችለው ሌላ 75 ብቻ ነው። ፍሬ መዋጥ ለሚችል ሰው መርፌው የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ ሙያው በሌለው ጎረቤት እጅ መወጋት ደግሞ ጨርሶ ሊቀር ይገባዋል።

ትኩሳት ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ወባ ያለበት አካባቢ ነው፤ ትኩሳቱን በዳይክሎፌናክ አብርዶ ሥራ መግባት ምርመራውን ያዘገያል። ከባቲ ወዲያ ወደ ቆላው ወርዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ደንጊ ትኩሳት ሊይዘው እንደሚችል ይታሰብ፤ በ2015 ዓ.ም. በአፋር በሚሌና በሎጊያ ወረርሽኙ ነበር። በደንጊ ጊዜ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ስለሚወርድ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማትን ያባብሳሉ። ሾፌሮችና ረዳቶች ምርመራ እስኪያደርጉ ከፓራሲታሞል ሌላ አይውሰዱ።

ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእነዚህ ማስታገሻዎች አንዱንም አትውሰድ፤ የፅንሱን ኩላሊት አዳክሞ የሽርት ውኃውን ሊያሳንስ ይችላል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን ደም ሥር ያለ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ሐኪም ለደም ግፊት መከላከያ ያዘዘው አነስተኛ አስፕሪን በዚህ አይቋረጥ። ለሕፃናት የዳይክሎፌናክ ፍሬ ከፍሎ መስጠት አይገባም። የአይቡፕሮፌን ሽሮፕ 5 ሚሊሊትሩ 100 ሚሊግራም ከሆነ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ5 ሚሊሊትር ያልበለጠ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ነው፤ በመለኪያው ክዳን እንጂ በሻይ ማንኪያ አይሰፈር። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ልጅ ግን አይሰጠው።

ልብን በተመለከተ፣ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሮፌኮክሲብ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ስትሮክ በማምጣቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ከዓለም ገበያ ወጣ። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. የዳይክሎፌናክም አደጋ ወደዚያው የቀረበ መሆኑን ገልጾ የልብ ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ የመታው ወይም የእግር ደም ሥሩ የጠበበ ሰው እንዳይወስደው መከረ። ለልቡ አነስተኛ አስፕሪን የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌን አልፎ አልፎ ካስፈለገው መደበኛውን አስፕሪን ከወሰደ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ የአስፕሪኑን ቦታ ይይዝበታል። አስም ያለበት ሰውም ከአስፕሪን በኋላ ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ከሆነ ሁሉንም ይተው።

ጉልበት ብቻ ለሚያማቸው አዛውንት 1 ፐርሰንት የዳይክሎፌናክ ጄል ከፍሬው የተሻለ ምርጫ ነው። ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ፣ ቁስል በሌለበት ቆዳ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ እጅ ይታጠባል። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ የኩላሊቱም የጨጓራውም አደጋ በጣም ይቀንሳል። ዋጋው ከስትሪፑ ከፍ ማለቱን እናውቃለን። ቢሆንም ደም ግፊት ላለባቸው እናት መጀመሪያ ሊቀርብላቸው የሚገባው እሱ ነው።

ሬንጅ የመሰለ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ክፉ የሚሸት ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ የፊትና የእግር እብጠት፣ የሽንት መቀነስ፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሽፍታ ሲታይ መድኃኒቱ ወዲያው ይቁምና ወደ ሆስፒታል ይኬድ። የአይረን ክኒንም ሰገራ ስለሚያጠቁር የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ሆድ አላመመኝም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ማስታገሻው የቁስለቱን ሕመም ስለሚደብቅ መድማቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲያጋጥም ባለሙያው የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጹን ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላክ፤ ማንኛውም ሰውም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል። ሲደወል የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ ባች ቁጥሩ፣ የተጀመረበት ቀን፣ ጉዳቱ የታየበት ቀን፣ አብረው ይወሰዱ የነበሩት መድኃኒቶች ሁሉ በእጅ ይኑሩ።

ከአክብሮት ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ ፋርማሲስቶች